ገንዘብ ይዞ ሄዶ ባዶ እጅ ላለመመለስ፦ ብርቅ ሰዓት እንዴት ይገዛል?

ወንድሜ ለሠርጉ ሮሌክስ ዴይቶና የተባለው የእጅ ሰዓት አማረው። ለንግድ በየሦስት ወሩ ዱባይ ይመላለሳልና ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አንድ ሰዓት ቤት ገባ። ሰዓቱ መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሏል። "ለዕይታ ብቻ ነው" አሉት። ባሕር ዳር ሲመለስ ቤተሰቡ ሁሉ ተናደደለት። ንቀውት መስሎን ነበር። በኋላ የአክስታችን ልጅ ነገሩን አስረዳችን። እሷ እዚያው ዱባይ፣ ሌላ ሰዓት ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከእሷ የሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ጣና ዳር ያለውን አሳ ሻጭ አስቡ። በጾም ወራት ፈላጊ ሲበዛ ትልልቁ ቀረሶ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ከሥር ተሸፍኖ ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስ ደንበኛ ነው። ቀድሞ የደረሰም፣ ብዙ ብር የያዘም አያገኘውም። ገዝቶ ዞር ብሎ ለሆቴል የሚያስረክብ ደላላማ ጭራሽ አይታሰብም።

ሰዓት ቤቱም እንደዚሁ ነው። ሮሌክስ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይፋ አያደርግም። ሱቁም የተላከለትን ይቀበላል እንጂ "አሥር ዴይቶና ጫኑልኝ" ማለት አይችልም። እጥረቱ ደግሞ ከሱቅ ውጭ፣ ገዝተው በሚሸጡ ነጋዴዎች እጅ ያለውን ዋጋ ይሰቅለዋል። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው ሌላው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ በፈረንጆቹ 2021 ናውቲለስ 5711 የተባለውን የብረት ሰዓት ማምረት አቆመ። ሱቅ ውስጥ 35 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው ሰዓት ውጭ ከ100 ሺህ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ቲፋኒ ከተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት ጋር 170 ብቻ ተሠሩ። አንዱ በበጎ አድራጎት ጨረታ 6.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ስለዚህ ሻጩ እናንተን ሲያይ በልቡ የሚጠይቀው "ይሄ ሰው ያስረዋል ወይስ ይሸጠዋል?" ብሎ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የዋስትና ካርዱ ላይም ይጻፋል። ሰዓቱ በሳምንቱ ነጋዴ እጅ ከተገኘ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ ይታወቃል። ያኔ አምራቹ የሱቁን ኮታ ሊቀንስበት ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ሱቅ ምረጡ፣ እዚያም አንድ ሻጭ። አምስት ሱቅ መዞር የትም ደንበኛ አያደርግም። ሱቆች ለአካባቢያቸው ሰው ያደላሉ፤ መንገደኛ ተመልሶ መምጣቱን ማን ያውቃል? በየጊዜው የምትመላለሱበት ከተማ ካለ እሱን ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ። ሻጩ ፋታ ባለው ቀን ግቡና ተቀምጣችሁ አውሩ።

ስማችሁን ሲመዘግብ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ተናገሩ፦ ሞዴሉን፣ የፊቱን ቀለም፣ ለምን እንደፈለጋችሁት። "የተገኘውን ስጠኝ" የሚል ሰው ነጋዴ ይመስላል። እውነተኛ ምክንያት ካላችሁ አትደብቁት። ለምሳሌ የሮሌክስ ጂኤምቲ ማስተር በፈረንጆቹ 1955 ለአብራሪዎች የወጣ፣ የሁለት አገር ሰዓት አንድ ላይ የሚያሳይ ነው። የዛሬውን ጂኤምቲ ማስተር 2 አንዱን ቆጣሪ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላውን በፈረንጅ ማድረግ ይቻላል። "እኛ አገር ጠዋት 12 ሰዓት ሲባል በእናንተ 6 ነው" ብላችሁ ብታስረዱት ሻጩ አይረሳችሁም። ስጦታ ከሆነም ስጦታ ነው በሉ።

ምዝገባው የዳቦ ቤት ሰልፍ እንዳይመስላችሁ። "14ኛ ነህ" የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ ሲመጣ ሻጩና አለቃው ዝርዝሩን ከፍተው ይመርጣሉ። ቀድሞ ከተመዘገበው ይልቅ በቅርቡ የተመዘገበው ሊጠራ ይችላል።

ሲመርጡ ብዙ ጊዜ ከሚያዩት አንዱ ከዚህ በፊት ከሱቁ ምን እንደገዛችሁ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዘይት በጠፋበት ሰሞን "ዘይት ከፈለግሽ ሳሙናም ግዢ" የተባለች እናት ትዝ ትለኛለች። አንዳንድ ሰዓት ቤትም፣ በግልጽ ባይለውም፣ እንዲህ ያደርጋል። የማትፈልጉትን ሰዓት ተስፋ ብላችሁ አትግዙ። ቃል የሚገባላችሁ የለም፤ ያ ሰዓት ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። መግዛታችሁ ያልቀረ ነገር ካለ ግን እዚያው ግዙ። ወንድሜ የቃል ኪዳን ቀለበቶቹን ከወርቅ ገበያ ነበር የገዛው። ብዙ ሰዓት ቤቶች ጌጣጌጥም ይሸጣሉ። ከዚያው ቢገዛ ኖሮ ስሙ ደብተራቸው ላይ ይገባ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ነው። በየሳምንቱ አትደውሉ፤ ከተማውን ስትረግጡ ብቅ ብላችሁ ሰላም በሉ።

ሲደወልላችሁ ቶሎ ሂዱ፣ ራሳችሁ ሂዱ፣ መታወቂያ ያዙ። ፕላስቲኩን ልጠው እዚያው እጃችሁ ላይ ሊያስሩት ይችላሉ። አንዳንዶቹ የዋስትና ካርዱን ለተወሰነ ጊዜ ያቆዩታል። አትቀየሙ፤ እንዳትሸጡት ነው። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ለጉምሩክም ይጠቅማችኋል።

"ቀብድ ስጡኝና ተራ አስይዝላችኋለሁ" ለሚል ሰው ሳንቲም አትስጡ። ተራው ራሱ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይሸጥም። አዲስ ሮሌክስም ፈቃድ ካለው ሱቅ በአካል እንጂ በኢንተርኔት አይሸጥም። በቴሌግራም "አዲስ፣ ከነካርዱ" እየተባለ የሚቀርበው ወይ ከሱቅ ዋጋ በላይ ነው፣ ወይ ፎርጅድ ነው።

ወንድሜ ሠርጉን የአባታችንን የድሮ ሰዓት አስሮ አለፈ። ጥር ላይ ሲሄድ ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ ስሙን አስመዘገበ። ዴይቶናውን ትቶ ጂኤምቲ ነው ያለው። ለባለቤቱም የልደት ስጦታ የጆሮ ጌጥ ከዚያው ገዛ። እስካሁን አልተደወለለትም።