ቦሎ የተከለከለ አሮጌ መኪና፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቦሎ የሚሰጥበት ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ በዓይን እይታና በአጭር የመንገድ ሙከራ ያልቅ በነበረበት ጊዜ፣ ዕድሜ የጠገበ መኪና ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ይታለፍ ነበር። ምርመራው ወደ ማሽን ከዞረ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው ይለካል፤ የሹፌሩ እግር የማይለየውን ጉድለትም ወረቀቱ በቁጥር ያወጣዋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ለብዙ ባለንብረት የቀረው መንገድ ያንኑ መኪናውን ጠግኖ ማሳለፍ ነው። ጎማ፣ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ቀበቶና የሦስተኛ ወገን መድን ታይተው እንደተሟሉ ልቁጠርና ከዚያ በኋላ ወደሚጥሉት ልለፍ።

የሞተር ወይም የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሞተር ቅያሬ ነው። የቤንዚን ሞተር ወጥቶ የናፍታ ገብቷል፣ መኪናው ዓመታትን ሠርቷል፣ ሊብሬው ግን እንደቀድሞው ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ጀምሮ ለውጥ የሚፈጸመው በመዝጋቢው አካል ዕውቅና ስለሆነ፣ የሞተሩን የግዢ ወይም የጉምሩክ ሰነድ ይዞ መጀመሪያ ሊብሬውን ማስተካከል፣ ከዚያ ለምርመራ መቅረብ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የምርመራ ክፍያውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ቁጥሩ ያለ ነገር ግን በዝገትና በቅባት የተሸፈነ ከሆነ በናፍታ አርሶ በሽቦ ብሩሽ በቀስታ ማጽዳት ይበቃል። በሞላ (በሚሽከረከር መፍጫ) መፋቅ ወይም የደበዘዘውን ቁጥር በፖንሶ (በቁጥር መቅረጫ ብረት) እንደገና መምታት ፈጽሞ አይገባም፤ እንዲነበብ ተብሎ የተመታ ቁጥር የተሰረቀ መኪና ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ ጉዳዩ ከምርመራ ጣቢያ ወጥቶ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

በአንድ አክስል ላይ የግራና የቀኝ ፍሬን ኃይል ተበላልጧል

በድሬዳዋ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ማሽኑ በአንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ በታሰሩበት ዘንግ ላይ ያለውን ልዩነት የሚያሰላው ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሶ ለትልቁ በማካፈል ነው። የግራው 2.0፣ የቀኙ 1.3 ኪሎ ኒውተን ቢያሳይ ልዩነቱ 35 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ «ፍሬን ወድቋል» ቢልም ጥፋቱ ያለው ባነሰው ጎን ነው፤ ደህናውን ጎን ፈትቶ መጀመር ድካም ብቻ ነው። ባለንብረቶች «መኪናዬ እኮ ወደ ጎን አይስብም» ይላሉ። ልዩነቱ በኋላ አክስል ላይ ሲሆን መሪው ላይ እምብዛም አይታወቅም።

ከሐረር ወይም ከአወዳይ በደንገጎ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ከበሮ) አውጥቶ ሸራውን (ከውስጥ ታምቡሩን እየተጫነ የሚያቆመውን ንጣፍ) ማየት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አጥፍቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያቃጥለዋል፤ ላዩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ታምቡሩም ላይ ሰማያዊ ጠቃጠቆ ይወጣል። የላዩን ንጣፍ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የሚጠቅመው ቃጠሎው ገና ከላይ ሲሆን ነው። ሸራው ከተሰነጣጠቀ ወይም ከብረቱ መላቀቅ ከጀመረ ይጣል። ሹፌሩ በሁለተኛ ማርሽ መውረድን ካልለመደ ግን አዲሱም በቅርቡ እዚያው ይደርሳል።

ሸራው በፍሬን ዘይት ርሶ ከተገኘ ሸራውን የሚገፋው የዊል ሲሊንደር ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) አልቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የማያልቅ ስህተት አለ፦ ጎሚኒው ይቀየርና በፍሬን ዘይት የራሰው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል። ቤንዚን የሚያነሳው የላዩን ብቻ ነው፤ ሸራው ሲግል የጠጣውን ዘይት መልሶ ያልበዋል። ጠዋት ታጥቦ የገባ ሸራ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ሲወድቅ ያየሁ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ሸራ በሁለቱም ጎን፣ ከአንድ አምራች፣ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። በአንዱ ጎን ኦሪጂናል፣ በሌላው ከገበያ የተገኘውን ርካሽ ያሰረ ሰው የፍሬን ልዩነትን በገንዘቡ ገዝቷል።

ሸራውም ሲሊንደሩም ደህና ሆነው ልዩነቱ ካልጠፋ ታምቡሮቹን እንለካለን። የተፈቀደው ትልቁ ስፋት በብዙዎቹ ታምቡሮች ላይ ተጽፏል። አንዱ ብቻ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከተፋቀ ስፋታቸው ይለያያል፤ አዲስ ሸራም በሰፋው ታምቡር ውስጥ በመሐሉ ብቻ ይነካል። ማሽኑ ላይ ጎማው ሲዞር ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ መካኒኮች ይዘሉታል። የሸራውን ክፍተት የሚያስተካክለው ጥርስ ያለው ብሎን በብዙ መኪኖች ላይ የግራውና የቀኙ ጥርሱ ተቃራኒ ነው። አንድ የአይሱዙ ባለንብረት ሸራ፣ ታምቡርና ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የዘይቱን ግፊት የሚፈጥረውን) ለውጦ ከወደቀ በኋላ መጣልኝ። ሁለቱንም ታምቡር አንድ ላይ ስናወርድ፣ ለማጽዳት ተፈተው የነበሩት ማስተካከያዎች ጎን ተለዋውጠው ታስረዋል፤ ራሱን ማጥበቅ የነበረበት ፍሬን በያዘ ቁጥር ራሱን ያላላ ነበር። በቦታቸው መለስናቸው፣ ምንም ሳይገዛ አለፈ። ስለዚህ አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን አትፍቱ።

በክሪክ የተነሳ ጎማ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላም ታንቆ ከቀረ የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጦ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በመጀመሪያ ቱቦው ከብረት ቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን ብሎን ላላ አድርጉት፤ ጎማው እንደታነቀ ከቀረና አየር ማስወጫው ሲከፈት ወዲያው ከለቀቀ ቱቦው ተደፍኗል። ከውጭ አዲስ መምሰሉ አያታልል።

ከፍ የተደረጉ ፒክአፖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጭነት እንዲችል ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከም ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) የተጨመረበት መኪና ከኋላ ይነሳል። ብዙዎቹ ፒክአፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘና የፍሬንን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚቆጣጠር ቫልቭ አላቸው፤ አካሉ ከአክስሉ ሲርቅ ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ውጤቱ የሁለቱም የኋላ ጎማ ፍሬን እኩል መድከም ነው። ጫት ከአወዳይ የሚያመላልስ አንድ ባለንብረት ሸራ ለውጦ ለውጦ በመጨረሻ «ማሽኑ ነው የተበላሸው» ብሎ ተጣልቶ ነበር፤ የቫልቩ ዘንግ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አገኘነው። የዘንጉን ማሰሪያ ለአዲሱ ከፍታ ማስተካከል ወይም የተጨመረውን ባሌስትራ ማውረድ ነው መፍትሄው። ቫልቩን ዘሎ ቧንቧውን በቀጥታ ማገናኘት ምርመራውን ያሳልፍ ይሆናል፤ ባዶውን የደንገጎን መታጠፊያ ሲወርድ ግን የኋላ ጎማው ቀድሞ ተቆልፎ መኪናውን ያዞረዋል። ይህንን የሚሠራ ጋራዥ መኪናዬን አያይም።

ስለ ፍሬን ዘይት አንድ ነገር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት እንደታሸገ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ የቁልቁለት ፍሬን ሲጨመር ልዩነቱ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ይታወቃል። የሞተር ዘይት ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት «ለጊዜው» የተጨመረበት መኪና ደግሞ ጎሚኒው ሁሉ ስለሚያብጥ ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ ጎማው ያለው ላስቲክ በሙሉ መቀየር አለበት። ቧንቧውን አጥቦ ማለፍ አይቻልም። ደግሜ እላለሁ፣ አይቻልም።

አዲስ ሸራ የታሰረበትን መኪና በዚያው ሰዓት ማሽን ላይ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ጭር ባለ መንገድ ላይ ደጋግሞ በመጠኑ እየያዙ፣ በመሐል እያቀዘቀዙ፣ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል። ከደንገጎ እንደወረደ በጋለ ፍሬን መቅረብም እንዲሁ ያስጥላል፤ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ቢቀዘቅዝ ይሻላል። የጎማ ንፋስ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን።

መብራቱ ተቃራኒ መንገደኛን ያሳውራል

ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ሳህን ውስጥ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ማስገባት ዋናው ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ መነሻው ስለሚለያይ ይበታተናል፣ ምንም ያህል ቢስተካከል አያልፍም። ትክክለኛውን አምፖል መመለስ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ ግን ሙሉ መብራቱን መቀየር ይጠይቃል፣ ምክንያቱም አጭር መብራቱ ከፍ የሚለው ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ሚመጣው መኪና ነው።

ናፍታው ጥቁር ጭስ ያወጣል

የአየር ማጣሪያው በአቧራ ካልታፈነና ኢንጀክተሮቹ ካልደከሙ፣ አቀበት እንዲወጣ ተብሎ የፖምፓው የነዳጅ ብሎን ተከፍቷል። 1,200 ሜትር ግድም ላይ ካለችው ድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የተጨመረው ናፍታ በጭስ መልክ ይወጣል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ፖምፓው በመለኪያ ይስተካከል፤ ሞተሩም ሳይሞቅ ለጭስ ምርመራ አይቅረብ።

ሰማያዊ ጭስ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ጉዳይ ስለሆነ በማስተካከያ አይድንም። ቤንዚን ላይ ጭስ ሳይታይ ልኬቱ ከፍ ካለ ካርቡራቶሩን ማየት ነው። የመሪ መንቀጥቀጥ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ) ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። የእጅ ፍሬን በአንድ ጎን ብቻ ከያዘ ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር።