ፖስታው ይከፈት ወይስ ይቅር?

19 ዓመት በላቦራቶሪ መስኮት ላይ ተቀምጬ ውጤት ሳድል ኖሬያለሁ። ሰው ፖስታውን ሲቀበል እጁን ነው የማየው፤ ፊትማ ይዋሻል። አንዳንዱ ከመስኮቱ ሳይርቅ ቀዶ ያነበዋል። አንዳንዱ አጥፎ ኪሱ ይከተውና ሐኪሙ ዘንድ እስኪቀርብ አይነካውም። ሦስተኛም ዓይነት አለ፦ ደሙን ሰጥቶ ውጤቱን ሊወስድ የማይመጣ። ስንደውልለት «ነገ እመጣለሁ» ይላል፣ አይመጣም፤ ፖስታው መሳቢያ ውስጥ ይሰነብታል። በወጣትነቴ እነዚህን ሰዎች እንደ ሞኝ ነበር የምቆጥራቸው። በኋላ እኔው ራሴ ከእነሱ አንዱ ሆኜ አረፍኩት፤ እደርስበታለሁ።

ማወቅ ነው ወይስ አለማወቅ ሰውን ደስተኛ የሚያደርገው? ቋንቋችን ራሱ ቁርጡን አልነገረንም። ባንድ በኩል «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይለናል፣ ዞር ብሎ ደግሞ «ያላወቁ አለቁ»። መጽሐፈ መክብብም እንደዚያው ነው፤ ምዕራፍ 1 ላይ ዕውቀትን የሚጨምር ኀዘንን ይጨምራል ብሎ ያስፈራራል፣ ምዕራፍ 2 ላይ ብርሃን ከጨለማ እንደሚበልጥ ጥበብም ከስንፍና ይበልጣል ይላል። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ እንዳየሁት ከሁሉ የሚሰቃየው የጠረጠረ ሰው ነው። የማያውቅ ይተኛል፤ ያወቀም አልቅሶ ሲወጣለት ይተኛል። የጠረጠረ ግን እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጥርጣሬ ሲይዝዎ ፖስታውን ለመክፈት ወይም ለመተው እንዴት እንደሚወስኑ ነው።

በመጀመሪያ በሞኝ መቅናትዎን ይተዉ

ብልህ ያዝናል፣ ሞኝ ይስቃል የሚባለውን የምንወደው ለሐዘናችን ማዕረግ ስለሚሰጠው ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር በ2007 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበ፣ በ2013 ለኅትመት የበቃ ጥናት ግን የተገላቢጦሹን ነው ያገኘው፦ በአእምሮ ችሎታ መመዘኛ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ደስታቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል የገቢ ማነስ፣ የጤና መጓደልና ለዕለት ኑሮ የሰው እርዳታ መሻት ይገኙበታል። ያ በሩቅ የምንቀናበት «ምንም የማያውቅ ደስተኛ» ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አናይም።

ብልህነት ብቻውንም አያድንም። እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልን አባቱ በ3 ዓመቱ ግሪክኛ፣ በ8 ዓመቱ ላቲን አስጀመረው። ሚል በ20 ዓመቱ፣ በ1826፣ ራሱን ጠየቀ፦ የምመኘው ለውጥ ሁሉ አሁኑኑ ቢፈጸም ደስ ይለኛል? ከውስጡ የመጣው መልስ «አይለኝም» ነበር፤ ወራቱ ጨለሙበት። የረካ ሞኝ ከመሆን ያልረካ ሶቅራጥስ መሆን ይሻላል ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። ጨለማውን ቀምሶ ስለተናገረ አምነዋለሁ። ከዚያ ሲወጣ የተማረው አንድ ነገር ለእኛም ይጠቅማል፤ «ደስተኛ ነኝ ወይ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ደስታው ይሸሻል። እኛም ዘንድ የደም ግፊታቸው ልክ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ብቻ ከፍ የሚል ሰዎች አሉ። መለኪያው ራሱ ያስጨንቃቸዋል። ደስታዎን በየጠዋቱ አይለኩ።

ጠርጥረዋል ወይስ ጭራሽ አያውቁም?

ሁሉ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው ድንጋይ የሚገለጥበት ጨዋታ ሰጧቸው። ከድንጋዩ ሥር እባብ ከተገኘ የተጫዋቹን እጅ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመታዋል። ላባቸውንና የዐይናቸውን ብሌን እየለኩ ጭንቀታቸውን ተከታተሉ። እባቡ መኖሩ እርግጥ በሆነ ጊዜ ጭንቀቱ ያን ያህል አልነበረም። ጣራ የነካው ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። ሰው የሚመጣበትን ካወቀ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፤ ይምጣ አይምጣ ካላወቀ ግን የት እንደሚነክስ እንኳ አያውቅም።

የእኔም እባብ ስኳር ነበር። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር። አንድ ሰሞን ውኃ ይጠማኝ፣ ሌሊትም ይቀሰቅሰኝ ጀመር። የስኳር መለኪያ ማሽኑ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ነው። በቀን የስንቱን ሰው ደም የማስገባ ሰው የራሴን ለማስገባት 7 ወር ፈጀሁ። «ዛሬ ቁርስ በልቻለሁ»፣ «ዛሬ ተረኛ ነኝ»፣ «ዛሬ ማሽኑ ልኩ አልተስተካከለም»። በእነዚያ ወራት ከማንም በላይ ስለ ስኳር ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ግን ምንም አላወቅሁም። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን ይዛ ቀዳችኝ። በባዶ ሆድ 118 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ስኳር የሚባለው ከ126 ጀምሮ፣ ያውም ተደግሞ ሲረጋገጥ ነው፤ 118 ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ነው። የሚያስቀው 118 ሰውን አያስጠማም። ያን ሁሉ ውኃ ያስጠጣኝ ፍርሃቱ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ።

እንዴት ይለዩታል? ወሬው ሲነሳ ርዕስ የሚቀይሩ ከሆነ፣ የባንክ መልእክት ሳይከፍቱ የሚያጠፉ ከሆነ፣ «በኋላ» የሚለው ቃል በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚደጋገምብዎ ከሆነ፣ ጠርጥረዋል። ጭራሽ የማያውቅ ሰው አይሸሽም፤ የሚሸሸው ነገር የለውምና። የጠረጠረ ሰው ወዳለማወቅ መመለሻ መንገድ የለውም፤ ያለው ምርጫ ወደፊት መሄድ ወይም እዚያው መቆም ነው።

ቢያውቁት ምን ያደርጉበታል?

ወረቀት ይያዙና ሁለት መስመር ይጻፉ። «ክፉ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ።» «ደግ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ።» ሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ከሆኑ ይክፈቱት።

በእኔ ጉዳይ ይለያዩ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ትልቅ ሙከራ እንደ እኔ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የጣሩት ወደ ስኳር የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። 7 ወር ስደበቅ ያባከንኩት ይህንን ነው። ማንንም አልወቅስም፤ በጣም ግን ይቆጨኛል።

ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ሃንቲንግተን የሚባል በዘር የሚተላለፍ የአንጎል ሕመም አለ፤ ከወላጆቹ አንዱ ያለበት ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ዘረመሉ በ1993 ስለተገኘ በደም ምርመራ ቁርጡ ይታወቃል። ሆኖም ከሚመለከታቸው ሰዎች አብዛኞቹ አይመረመሩም። ይህን ሳነብ «ልክ ናቸው» አልኩ። ቆየት ብዬ በ1992 የታተመውን፣ ዘረመሉ ራሱ ሳይገኝ፣ ገና አጠገቡ ባለ ምልክት ብቻ ይመረመር በነበረበት ጊዜ 135 ሰዎችን የተከታተለውን የካናዳ ጥናት አገኘሁ። ከዓመት በኋላ መልካሙን የሰሙትም፣ መጥፎውን የሰሙትም፣ ውጤት ካላገኙት ይልቅ መንፈሳቸው የተሻለ ነበር። መጥፎውን የሰሙትም ጭምር! እዚህ ላይ ግን ቀስ ማለት ያሻል። እነዚያ ሰዎች ለመመርመር ፈቅደው የመጡ ናቸው፣ የምክር አገልግሎትም አልተለያቸውም። በግድ ለተነገረው ሰው ይህ አይሠራም። ስለዚህ መስመሮቹ አንድ ሆነውብዎ ጥርጣሬው ግን እንቅልፍ የሚነሣዎ ከሆነ፣ ምክር ይዘው ይክፈቱት። መስመሮቹ አንድ፣ እንቅልፍዎም ደህና ከሆነ፣ መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። ዘረመል የተሠራበትን የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ ጄምስ ዋትሰን በ2007 የራሱ ዘረመል ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ ከአልዛይመር (ከመርሳት ሕመም) ጋር የሚያያዘውን ክፍል አትንገሩኝ ብሏል። ይህን ሰው ዕውቀት ይጠላል የሚል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ውጤቱ ለእርስዎ ብቻ የማይቀር ከሆነ፣ ማለትም ሌላ ሰው ላይ የሚተላለፍ ወይም ልጅን የሚነካ ከሆነ፣ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ይርሱትና ይክፈቱት።

ሳያውቁ ቢቀሩ የማይጎዱበት

በ2017 የታተመ፣ ጀርመንና ስፔን ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት እንደሚለው፣ ከ85 እስከ 90 በመቶው ወደፊት የሚደርስባቸውን ክፉ ነገር አስቀድመው ማወቅ አይፈልጉም። ሁልጊዜ ልወቅ ያሉት 1 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «አልፈልግም» ማለት አያሳፍርም። በሌሉበት የተባለብዎን፣ የቀድሞ ፍቅረኛዎ አሁን ከማን ጋር እንደሆነ፣ ያልመረጡት መንገድ የት ያደርስዎ እንደነበር ይተዉት፤ የሁለቱ መስመር ፈተና ላይ አንዱም አያልፍም።

በእኩለ ሌሊት ስልክ ላይ የሕመም ምልክት መፈለግንም እዚሁ እጨምረዋለሁ። ከዚያ የሚገኘው ጥርጣሬ ብቻ ነው፣ ያውም እየተራባ። ራስ ምታት ብለው ገብተው በ20 ደቂቃ ውስጥ ዕጢ ይዘው የሚወጡበት ገበያ ነው። ጠዋት እኛ ዘንድ መጥተው «ሁሉንም መርምሩኝ» የሚሉን እነዚህ ናቸው። ሁሉንም የሚመረምር ምርመራ የለም፤ ደግሞም ብዙ ነገር በመረመሩ ቁጥር፣ በአጋጣሚ ብቻ ከመደበኛው ልክ ወጣ የሚል አንድ ቁጥር አይጠፋም። ምን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ አይጠይቁ።

ለመክፈት ከወሰኑ

ቀን ይቁረጡ፤ ከሁለት ሳምንት አይለፍ። ዓርብ ከሰዓት ፈጽሞ አይሁን፤ የሚጠይቁት ሐኪም እስከ ሰኞ አይገኝም፣ ሁለቱን ቀን ከቁጥሩ ጋር ብቻዎን ያድራሉ። ጠዋት ይሁን። አንድ ሰው ይዘው ይምጡ፤ መካሪ ሳይሆን ዝም ማለት የሚችል። ያንን ሁለት መስመር የጻፉበትን ወረቀትም ይያዙት፤ ቁጥሩን ሲያዩ ያሰቡት ሁሉ ይጠፋብዎታል። ውጤቱን ሲቀበሉ መስኮቱ ላይ ላለው ሰው «ጥሩ ነው?» አይበሉት፤ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፣ ፊቱን አይተው የማይሆን ነገር ይተረጉማሉ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ መደገም አለበት?» የሚለውን ነው። እስክሪብቶ አይርሱ፤ እኛ ዘንድ ያለው ሁልጊዜ ቀለሙ ያለቀ ነው።