«ናሽናል ትሬዠር»ን ከልጆች ጋር ስታዩ ሪሞቱን አትልቀቁ

ልጆቹን ሰብስቦ ቅዳሜ ማታ ፊልም ማየት ለፈለገ ወላጅ መጀመሪያ የምጠቁመው «ናሽናል ትሬዠር»ን ነው። ኒኮላስ ኬጅ የሚሠራበት፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው። ሌላው አክሽን ፊልም ላይ ጀግናው በጉልበቱ ያሸንፋል፣ ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል። እዚህ ግን ጀግናው በአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ጀርባ ላይ በተደበቀ ካርታ ተነስቶ ሀብት ለማግኘት ፍንጭ ይፈታል፤ ልጅም አብሮ መፍታት ይችላል። ስለዚህ አንዴ ከፍታችሁ ሳታቆሙ እስከ መጨረሻው አትዩት። መልሱ ከመነገሩ በፊት አቁሙ።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። ከነማቆሚያው ሦስት ሰዓት ያዙለት፤ እራት አብልታችሁ ጀምሩ። ትንንሾች ካሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ መጀመሪያ ላይ በረዶ የዋጠው መርከብ ውስጥ አፅም አለ፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የእንጨት ደረጃ ተደርምሶ ሰው ይወድቃል። የእኔ ትንሹ ቀድሞ ካወቀ አይደነግጥም።

በጣም የምወደው ማቆሚያ የመቶ ዶላሩ ጋ ነው። ጀግናው ከኖቱ ጀርባ ያለውን የፊላደልፊያውን ኢንዲፔንደንስ ሆል አጉልቶ ያያል። የማማው ሰዓት 2:22 ይላል። በዚያ ሰዓት የማማው ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ነው የሚፈለገው። ግን ሰዓቱ 3:00 ሊሆን ነው፤ አለፈን ብለው ይደነግጣሉ። እዚህ ላይ አቁሙና «እውነት አልፏቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላለፋቸውም። አሜሪካ በበጋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት የጀመረችው በ1918 ነው። በድሮው አቆጣጠር 2:22 የነበረው ዛሬ 3:22 ነው። የእኛ ልጆች ይህን ቶሎ ይይዙታል። ስልካቸው 2:22 ሲል አያታቸው «ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት» እንደሚሉ ያውቃሉ። ፀሐይዋ ያው ናት፣ ቆጠራው ነው የተለየው። ትልቋ ልጄ መልሱን ያገኘችው አያቷን አስባ ነው።

በማግስቱ የፊልሙን የድብቅ ጽሑፍ ጨዋታ ቤት ውስጥ አምጡት። ሎሚ ጨምቁ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። በጆሮ ጥጥ እየነከራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ካውያውን እንፋሎቱን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፉበት፤ ካውያውን ግን ትልቅ ሰው ይያዘው። ሎሚው ከወረቀቱ ቀድሞ ስለሚቃጠል ጽሑፉ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ ሙሉው። ልጆቹ በዚያች ሰዓት ትንፋሻቸውን ይውጣሉ!

የምትጽፉት ቃል ሳይሆን ቁጥር ይሁን። ሦስት ሦስት አድርጉት፦ የአንድ መጽሐፍ ገጽ፣ መስመር፣ ፊደል። ፊልሙ ላይ ቁጥሮቹ የሚመሩት ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወደጻፋቸው ደብዳቤዎች ነው። ደብዳቤዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ በ1722፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት መስሎ ለወንድሙ ጋዜጣ የጻፋቸው 14 ደብዳቤዎች። ይህን ንገሯቸው፣ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። እናንተ ግን አንድ የአማርኛ ተረት መጽሐፍ ውሰዱ። በፊደላችን «ትራስ» ለመጻፍ ሦስት ፊደል ይበቃል፤ ቁጥሩ አይበዛም። ውጭ አገር ላደገ ልጅ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የፊደል ልምምድ እኔ አላየሁም። «ራ»ን ከ«ሬ» ካልለየ ከረሜላው ያለበት ትራስ ጋ አይደርስም።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሆናችሁ የነፃነት አዋጁን ራሱን አሳዩአቸው። እኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር ቀዩ መስመር ጋለሪ ፕሌስ ወርደን በእግር ወደ ናሽናል አርካይቭስ (የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) እንሄዳለን። መግቢያው ነፃ ነው። የነፃነት አዋጁ ያለበት አዳራሽ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ቀለሙም በጣም ለቋል፤ ልጆቹን ለማንበብ እንዲታገሉ ተዉአቸው። «ጀርባው ላይ ካርታ አለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ካርታ የለም። ጽሑፍ ግን አለ፤ ሰነዱ ምን እንደሆነና ጁላይ 4 ቀን 1776 የሚለው ቀን።

ሁለተኛው ክፍል በ2007 ወጥቷል። እሱ የሚጀምረው በሊንከን ግድያ ስለሆነ ለትንንሾቹ አቆዩት።