ለማስተርስ ጥናትህ ከዳታው ጀምር

ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሴን የሠራሁት ቀን ቢሮ እየዋልኩ፣ ማታ እየተማርኩ ነው። ርዕስ ከማስጸደቅህ በፊት ዳታው እጅህ ላይ ይኑር። እኔ ርዕሴ ጸድቆ አራት ወር ዳታ ስጡኝ እያልኩ ስለምን ከረምኩ።

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ከሆነ የምትሠራው፣ መጀመሪያ ፊደሉን አጽዳ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ አምጣ፤ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ። ዋናውን ፋይል እንዳትነካ፣ ቅጂው ላይ ሥራ። የተደጋገሙ ዓረፍተ ነገሮችንም ዳታውን ለሞዴሉ (ከዳታው ለሚማረው ፕሮግራም) ማሠልጠኛና መፈተኛ ከመክፈልህ በፊት አውጣ፤ አለዚያ ውጤትህ ያለ አግባብ ያምራል።

ነጻው ጎግል ኮላብ (በኢንተርኔት የጎግል ኮምፒውተር ላይ ኮድ የምታስኬድበት አገልግሎት) ላይ ሞዴልህን ስታሠለጥን፣ ሥራህን በየመሃሉ ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጥ። እኔ ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ግንኙነቱ ተቋርጦ የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፍቶብኛል።

አማካሪህ ጋ ስትሄድ አንድ ገጽ ያዝ፦ ምን ሠራህ፣ የት ተያዝክ።