አስቸጋሪውን ቄስ ስትጽፉ

በአይሁድ ሕይወት ላይ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሕዝቡ ብዙ ስለተበደለ ገጸ ባሕርዩን ጻድቅ ያደርገዋል። ኦሪት ራሷ ግን እንዲህ አታደርግም። ያዕቆብ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁ ላይ አድርጎ ዓይኑ የፈዘዘ አባቱን አታለለ። ከዓመታት በኋላ የገዛ ልጆቹ የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው አመጡለት። "የሥራህን አገኘህ" የሚለው ሰው የለም። ፍየሉ ብቻ ተመልሶ መጣ። እንዲህ ነው የሚጻፈው።

አሁን እስራኤል የሚኖሩ አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ልትጽፉ ነው እንበል። ጎንደር ሳሉ ያጋባሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ቃላቸው ይከበራል። በ1984 እ.ኤ.አ. ቤተሰባቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ወጡ። በዚያ ጉዞ ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ እሳቸውም አንድ ልጅ ካምፕ ውስጥ ቀበሩ። ኢየሩሳሌም ገባን ሲሉ ደግሞ ረቢዎቹ አይሁድነታችሁ እንዲሟላ ውኃ ውስጥ ጥለቁ አሏቸው። ማጋባትም ቀረ።

"ተናደዱ" ብላችሁ አትለፉት። የሴት ልጃቸው ሰርግ ላይ አምጧቸው። የሚያጋባው ረቢ ነው። እሳቸው ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። "አባባ፣ ይመርቁኝ እንጂ" ስትላቸው ዝም ይላሉ። ሰው ሁሉ እያየ።

እዚህ ጋ አትራሩላቸው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ያለፉበት መከራም እሷን ለማሳፈር መብት አይሰጣቸውም። አንባቢው ይናደድባቸው። የዝምታቸውን ምክንያት ግን ቀደም ብላችሁ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ በትናንሽ ነገሮች አስገቡት፤ ለምሳሌ ወንድ ልጃቸው በ10 ዓመቱ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ሲያስተረጉምላቸው ጸሐፊዋ የተናገረችውን ስድብ ደብቆ "ነገ ተመለሱ ብላለች" ይበላቸው፣ እሳቸውም ከፊቷ አይተው ያወቁትን እንዳላወቁ ይሁኑ።

ሌላም ቄስ ጨምሩ፤ ውኃው ውስጥ ገብተው የወጡ፣ በሰላም የሚኖሩ ወንድም። አለዚያ የአንድ ሰው ጥፋት የማኅበረሰቡ ሁሉ ጠባይ ይመስላል። "ፈላሻ" የሚለውን ቃል ደግሞ ተራኪው አይበለው። ሊሰድብ የፈለገ ገጸ ባሕርይ ብቻ ይበለው።

በመጨረሻ ሰርጉ ካለቀ በኋላ ያለውን ሌሊት ጻፉ። ቄሱ ብቻቸውን ተቀምጠው ያን የከለከሉትን ምርቃት በግዕዝ ያነበንቡታል። ልጅቷ አትስማ።