ለውሻዎ የበረዶ ምግብ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ዱባ ውስጡ ክፍት በሆነ የጎማ መጫወቻ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ሲያድር፣ ውሻው በሁለት ደቂቃ ይጨርሰው የነበረው ምግብ ለረጅም ጊዜ እየላሰ የሚያወጣው ሥራ ይሆንለታል። ተዘግቶ ለሚውል ውሻ ትልቁ ጥቅም ቅዝቃዜው ሳይሆን ይህ ሥራ ነው።

ለሕይወት የሚያሰጋው ስህተት የኦቾሎኒ ቅቤ ሲገዙ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መቅረት ነው። «ስኳር የሌለው» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አለባቸው። ለሰው የማያሰጋው ይህ ማጣፈጫ በውሻ ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን በብዛት እንዲመነጭ ስለሚያደርግ፣ የደም ስኳሩ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወርዶ ውሻው ሊንገዳገድና ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ መጠኑ ከፍ ካለም ጉበቱ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ተቆልቶ ጨውና ስኳር ሳይገባበት የተፈጨ ኦቾሎኒ ከዚህ ስጋት ነፃ ነው።

በእኛ ማዕድ ቤት ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን የተረፈ መረቅ አቀዝቅዞ መስጠት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ባለቤቱ መረቁን አይጠረጥርም። ስለዚህ ሥጋው ለብቻው በውኃ ይቀቀል፤ መረቁ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋው ነጭ ስብም በማንኪያ ተገፎ ይጣል። ወይን፣ ዘቢብና ቸኮሌት ጨርሶ አይገቡም።

ውኃ ብቻ አርግቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ መስጠትም ስህተት ነው፤ በኃይል የሚቆረጥም ውሻ የኋላ ጥርሱን ሊሰብርበት ይችላል። በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ነገር ለጥርስ አይሆንም፤ እርጎና ዱባ ግን ቢቀዘቅዙም እየተላሱ ይለሰልሳሉ።

መጫወቻው አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ውሻው ሲልስ ውስጡ አየር እያጣ ምላሱን ስቦ ሊይዘው ይችላል። በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ያለው ይመረጥ፤ ሲሞላም መሐሉ ላይ ስትሮው ተሰክቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢወጣ የአየር መንገዱ አይዘጋም።

ለጀማሪ ውሻ ወዲያውኑ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ማቅረብም አይመከርም። የእኔው የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ አሽትቶ ከጽጌረዳው ሥር ቀበረው፤ ያልቀዘቀዘውን፣ ከዚያ በከፊል የረጋውን ከለመደ በኋላ ነው ጠንካራውን የታገሰው።

መጠኑንም መርሳት አይገባም፤ እንዲህ ያለው ተጨማሪ ምግብ ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ካሎሪ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝም አያዋጣም፤ ፍሪዘር ባክቴሪያን ያደነዝዛል እንጂ አይገድልም። መጫወቻው ውስጥ የሚቀረው ቅሪትም ቶሎ ስለሚሻግት፣ ውሻው እንደጨረሰ በሙቅ ውኃና በጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ ይፈተግ።