ላፕቶፕ የቤቱን ፋይል ሰርቨር አላገኝ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ዝርዝሩን ማመን

ዊንዶውስ ላይ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው የሰርቨሩን ስም ሲያጡ «ሰርቨሩ ሞቷል» ብለው የሚደመድሙ ብዙ ናቸው። ስሙ አለመታየቱ ግን ግንኙነት የለም ማለት አይደለም። ከሁሉ በፊት የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ያዙ፤ ራውተሩ ገጽ ላይ፣ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ፣ የአድራሻ ሳጥኑ ውስጥ \\192.168.1.20 ብላችሁ (ቁጥሩ የእናንተው ይሁን) ኢንተር በሉ። ፎልደሮቹ ከመጡ መስመሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው የስም ፍለጋው ብቻ ነው። ፎልደሩን በዚያው አይፒ ማፕ አድርጉትና (እንደ ድራይቭ አገናኙትና) ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁም ሰርቨሩ ተገኝቷል፤ ራውተሩን መነካካት አቁሙ።

ኤስኤምቢ 1ን ማብራት

ኤስኤምቢ 1 ዊንዶውስ በኔትወርክ ፋይል የሚጋራበት የድሮ ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ) ነው፤ ይህን እባካችሁ ተዉት። «ስሙ ካልታየ ኤስኤምቢ 1ን አብሩት» የሚለው ምክር ዛሬም ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። የሚዞረው አንዳንዴ የሠራ ስለሚመስል ነው፤ የድሮው የኔትወርክ ዝርዝር በዚህ ፕሮቶኮል ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ሲበራ ስሙ ብቅ ሊል ይችላል። ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 ዕትም 1709 ጀምሮ ያስቀረው ጀመር፤ ሳምባም (ሊኑክስ ሰርቨር ከዊንዶውስ ጋር ፋይል የሚጋራበት ፕሮግራም) ከዕትም 4.11 ጀምሮ ዘግቶታል። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ብታበሩትም አዲስ ሳምባ አይቀበለውም። ያኔ ሰዉ ሄዶ ሰርቨሩም ላይ ይከፍተዋል! የልጆቹ ፎቶና የዓመታት ሰነድ የተቀመጠበትን ማሽን፣ አንድ ስም ዝርዝር ውስጥ እንዲታይ ብሎ ማጋለጥ በፍጹም አይገባም። ስሙ እንዲታይ የግድ ከፈለጋችሁ ሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ ደብሊውኤስዲዲ (wsdd) የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ፤ አዲሱ ዊንዶውስ የሚፈልገው እሱን ነው። ኤስኤምቢ 1 ብቻ የሚያውቅ አሮጌ የማከማቻ ሳጥን ካላችሁ ፋይሉን አውጡና ሳጥኑን በጡረታ አሰናብቱት።

ሁለት ራውተር መደራረብ

የኢንተርኔት ድርጅቱ ያስገባው ራውተር ሳሎን አለ፤ ዋይፋዩ መኝታ ቤት ስላልደረሰ ሌላ ተገዝቶ ገመዱ «ዋን» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ተሰካ። አሁን ቤቱ ውስጥ ሁለት ኔትወርክ አለ። ሲኤምዲ (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ላይ አይፒኮንፊግ (ipconfig) ስትሉ ላፕቶፑ 192.168.0.15፣ ሰርቨሩ ደግሞ 192.168.1.20 ከሆነ ይኸው ነው። ላፕቶፑ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ከሆነ በአይፒ ሊደርስ ይችላል፣ በስም ግን አያገኝም። ሰርቨሩ ከጀርባ ከሆነ ጭራሽ አይደረስበትም።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) ማድረግ ነው። ምርጫው ሴቲንጉ ውስጥ ከሌለ በእጅ ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉም አይዛነፍ። መጀመሪያ የራሱን አይፒ ዋናው ራውተር ከማያድለው ቁጥር ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.1.2። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፉ። ገመዱን ከ«ዋን» ነቅላችሁ ወደ «ላን» የምታዛውሩት በመጨረሻ ነው። ገመዱ ከቀደመ ሁለት አዳዮች በአንድ መረብ ላይ አይፒ ይሰጣሉ፣ ያኔ አንዱ ስልክ ይሠራል ሌላው አይሠራም።

አይፒውን ለዕድል መተው

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ ትናንት የሠራው ማፕ ዛሬ ይጠፋል። ራውተሩ ላይ የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ይዛችሁ ቋሚ አይፒ አስይዙለት። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ግን ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ገመዱን ፈትሹና ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉት።

የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሆኖ መፈለግ። አይሆንም፣ የእንግዳው መስመር ከቤቱ መሣሪያዎች እንዲነጠል ተብሎ የተሠራ ነው።

ቪፒኤን ሳያጠፉ መሞከር። አንዳንዱ የቤቱን መረብ ጭምር ይዘጋል።

ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት

አያስፈልግም። የቤቱን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ከሚለው ወደ «ፕራይቬት» ቀይሩት። ሰርቨሩ ራሱ ዊንዶውስ ከሆነ እዚያም እንዲሁ አድርጉ። ፒንግ (ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትሸው ትእዛዝ) ካልመለሰም አትደንግጡ፤ ፒንግ ተዘግቶ ፋይል የሚያልፍበት ፖርት 445 ክፍት ሊሆን ይችላል።

በላፕቶፑ ፒን ለመግባት መሞከር

ሳምባ የራሱ ተጠቃሚና የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ ሊኑክሱ ላይ አካውንት መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 ጀምሮ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትን አይፈቅድም። የይለፍ ቃሉን ከቀየራችሁ ደግሞ ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌውን ሰርዙ፤ ዊንዶውስ እሱኑ እየላከ ነው የሚመለሰው።